ቻይና ውስጥ ለመኖርና ለመሥራት ቻይንኛ መማር ምን ያህል ያዋጣል?

ለትምህርት ወደ ቻይና የሚሄዱ በርካታ አፍሪካውያን ወጣቶች የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፉት ምሕንድስና ወይም ሕክምና በማጥናት ሳይሆን ቻይንኛ በመማር ነው። በቻይና መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በቻይንኛ የሚከታተሉ ተማሪዎች ዋናውን ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት አንድ ዓመት ቋንቋውን እንዲማሩ ይደረጋል።

የቀድሞው የኢትዮጵያ ፕሬዝዳንት ሙላቱ ተሾመ (ዶ/ር) እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ቤይጂንግ ገብተው ቋንቋውን ካጠኑ በኋላ በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዶክትሬት ድረስ ተምረዋል። ያኔ በዚህ መንገድ የሚያልፉት ጥቂቶች ነበሩ። እአአ በ2018 ግን በቻይና የነበሩት የአፍሪካ ተማሪዎች ቁጥር 81,562 መድረሱን የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር አስታውቆ ነበር።

ከእነዚህ መካከል ከምረቃ በኋላ እዚያው ሠርተው መኖር የሚፈልጉ ጥቂት አይደሉም። ዓመታት የፈጀባቸው ቋንቋ የሚሰጣቸው ጥቅም ግን እንደሚጠየቀው አካል ይለያያል። ገበያው ቻይንኛ ለሚችል የውጭ ዜጋ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በአንጻሩ ከቋንቋው ይልቅ ሌሎች መስፈርቶችን ያስቀድማል።

ከሻንጋይ በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ዪዉ ከተማ በአነስተኛ ሸቀጦች የጅምላ ገበያዋ ትታወቃለች። ከምሥራቅ አፍሪካና ከአረቡ ዓለም የሚመጡ ነጋዴዎች ከአዝራር እስከ መጫወቻ የሚጫኑት ከዚያ ነው። በእነዚህ ሱቆች ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ቃል "ማይ" ሲሆን ለጀማሪ ከሁሉ አሳሳቹም እሱ ነው። ድምፁ ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ ሲል "መግዛት"፣ ከላይ ወደ ታች ሲወረወር ደግሞ "መሸጥ" ማለት ይሆናል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። "አለ" የሚለው ቃል ሲላላ "ተናገረ"፣ ሲጠብቅ ደግሞ "ይገኛል" ማለት ነው፤ ፊደሉም ልዩነቱን አያሳይም። ቻይንኛ ይህን ልዩነት የሚፈጥረው በማጥበቅና በማላላት ሳይሆን በዜማ ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ የቃል ክፍል ላይ፣ በ4 ዋና ዋና የድምፅ አወጣጦች። በጽሑፍ ሲሆን "መሸጥ" የሚለው ምልክት "መግዛት" ከሚለው የሚለየው ከአናቱ ላይ ትንሽ የመስቀል ቅርፅ ስላለው ነው። በዕለት ተዕለት ንባብ ያገለግላሉ ተብለው በመንግሥት የተመደቡት ምልክቶች ቁጥር 3,500 ነው። ግዕዝ ፊደልን በጥቂት ወራት ለሚያጠና ሰው ይህ የዓመታት ሥራ ነው።

ድካሙ ገበያው ውስጥ ገንዘብ ያመጣል። "አሊባባ" የተሰኘው የንግድ መድረክ ለውጭ ገዢ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። ይኸው ኩባንያ ለአገር ውስጥ ነጋዴ የከፈተው "1688" ግን በዋናነት በቻይንኛ የሚሠራ ሲሆን ቻይናውያን ቸርቻሪዎች ከፋብሪካ በጅምላ የሚገዙበት ነው። ይህን ማንበብ የሚችል አፍሪካዊ ነጋዴ ሻጩ ለአገሩ ሰው የሚያቀርበውን ዋጋ ያውቃል። ማንበብ የማይችለው በደላላ በኩል ይሄዳል፤ ለደላላውም ይከፍላል።

የስልክ አስተርጓሚ ይህን ክፍተት እየሞላው አይደለም ወይ? በከፊል አዎ። ዊቻት መልእክትን በአንድ ንክኪ ይተረጉማል፤ ምግብ ለማዘዝና ታክሲ ለመጥራት ከዚያ በላይ አያስፈልግም። እንዲያውም ብዙ የውጭ ዜጎች ለዓመታት ኖረው ከሰላምታ ያለፈ ቻይንኛ ሳያውቁ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ጉዳዩ ወደ ውልና ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ግን ስልኩ አይበቃም። የሥራ ውል በሁለት ቋንቋ ሲዘጋጅ፣ ልዩነት ቢፈጠር የቻይንኛው ቅጂ እንዲጸና የሚያደርግ አንቀጽ ማስገባት የተለመደ ነው። የቻይና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም የውጭ ዜጎች የሚገኙበት ክርክር በአገሪቱ ቋንቋ እንደሚካሄድ ይደነግጋል፤ አስተርጓሚ የሚፈልግ ተከራካሪ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል። ደመወዙ የቀረበት ሠራተኛ አንድ ገጽ ማንበብ አለመቻሉ ምን እንዳስከፈለው የሚረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

ቋንቋ የማያድንበትም ጊዜ አለ። እአአ በሚያዝያ 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ ጓንግዡ ውስጥ አፍሪካውያን ከመኖሪያ ቤቶችና ከሆቴሎች ሲባረሩ ተማሪዎችም ሆኑ ለዓመታት የኖሩ ነጋዴዎች ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ። በቤይጂንግ የአፍሪካ አምባሳደሮች ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዋንግ ዪ ደብዳቤ እስከመጻፍ ደርሰዋል። ሁለት ቃል ቻይንኛ የተናገረ የውጭ ሰው "እንዴት ጎበዝ ነህ!" የሚል ሙገሳ በየሱቁ ይሰማል። ሙገሳው ከልብ ቢሆንም ለእንግዳ የሚሰጥ ሙገሳ ነው።

የሥራ ፈቃዱ ሥርዓትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እአአ ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው አሠራር አመልካቾች ከሚመዘኑባቸው መንገዶች አንዱ ነጥብ ነው። ለደመወዝና ለትምህርት ደረጃ ለየብቻቸው እስከ 20 ነጥብ ይሰጣል። ቻይንኛ በሚገባ መቻል የሚያስገኘው ከዚህ ከግማሽ አይበልጥም።

ትልቁ መሰናክል ግን የሥራ ልምድ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የውጭ ዜጋ በአብዛኛው የ2 ዓመት ልምድ ይጠየቃል፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ መሥራት አይችልም። ስለዚህ በቻይንኛ ተምሮ፣ በቻይንኛ ፈተና አልፎ፣ በቻይና የተመረቀ ወጣት ልምዱን ለማግኘት ከቻይና መውጣት ይኖርበታል።

ቋንቋ የማይጠይቀው አማራጭ፣ ማለትም እንግሊዝኛ ማስተማር፣ ለምሥራቅ አፍሪካውያን ጠባብ ነው። ደንቡ የቋንቋ መምህር በመርህ ደረጃ የአገሩን አፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲያስተምር ስለሚያዝ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ኬንያዊ ወይም ኡጋንዳዊ በአንደበቱ ሳይሆን በፓስፖርቱ ይመዘናል። እአአ በሐምሌ 2021 መንግሥት በግል የማስጠናት ሥራ ላይ ያወጣው ጥብቅ መመሪያ ዘርፉን ይበልጥ አጥብቦታል።

ለሁለተኛ ዲግሪ ምሩቃን ግን በር ተከፍቷል። እአአ በ2017 መጀመሪያ የወጣ መመሪያ ከቻይና ዩኒቨርሲቲዎች በሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ በጥሩ ውጤት የተመረቁ የውጭ ዜጎች፣ ከምረቃ በኋላ አንድ ዓመት እስካላለፋቸው ድረስ፣ ያለ ሥራ ልምድ እንዲቀጠሩ ይፈቅዳል። በቻይና መቆየት ለሚፈልግ ተማሪ እንግዲህ ሁለተኛ ዲግሪ ከቋንቋ ምስክር ወረቀት የተሻለ ዋስትና ነው።

ይህ ያልተሳካላቸው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲና በናይሮቢ የሚሠሩ የቻይና ኩባንያዎች የአገሬውን ቋንቋና ቻይንኛን አጣምሮ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ ለእሱም የሥራ ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅባቸውም።