«ስንት ማይል ሄዷል?» ብቻ ብላችሁ ክሩዘር አትግዙ

በረዶው አለፈ፣ አሜሪካ ያለን የሞተር ወዳጆች ደግሞ የሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ማፍጠጥ ጀምረናል። ከሀበሻ ልጆች በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ያው ነው፦ «ይሄ 4 ሺህ ማይል ብቻ ነው የሄደው፣ ልግዛው?»

መኪና ስንገዛ የለመድነው ነገር ነው። ብዙ ያልሄደ አላረጀም ብለን እናስባለን። ለሞተር፣ በተለይ 15 ዓመት ለሞላው ክሩዘር፣ ይሄ መለኪያ ያሳስታል። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ባለቤቱ አዘውትሮ ሲነዳው የኖረ ባለ 26 ሺህ ማይል ሞተር፣ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ ዓመታት ከቆመ ባለ 4 ሺህ ማይል ይሻላል።

እስቲ ሁለት ማስታወቂያ አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጥ። አንዱ የ2008 ያማሃ ቪ ስታር 650፣ 4 ሺህ ማይል። ሌላው የ2009 ካዋሳኪ ቫልካን 900፣ 26 ሺህ ማይል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው እንበል። አብዛኞቻችን ሳናቅማማ ያማሃውን እናነሳለን።

ግን አስቡት፤ ቪ ስታር 650 ባለ ካርቡሬተር ነው። ቤንዚኑ ውስጡ ለወራት ሲቆም ወደ ሙጫነት ይለወጥና ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ታንኩ ውስጥ ዝገት ይጀምራል። የፍሬን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ጎሚኒዎቹ ይደርቃሉ፣ ባትሪው ይሞታል። «በርካሽ አገኘሁ» ያላችሁት ሞተር መካኒክ ቤት ገብቶ ተጨማሪ ሺህ ዶላር ቢያስወጣችሁ አይግረማችሁ።

ገንዘቡስ ይሁን፤ የባሰው ጎማው ነው። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 4 አኃዝ አለ። 2311 ካለ በ2011 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ብዙ ስላልተነዳ ጥርሱ ገና አዲስ ይመስላል፤ ላስቲኩ ግን ደርቋል። ዝናብ በዘነበበት አስፋልት ላይ ስትታጠፉ ወይም ድንገት ፍሬን ስትይዙ መሬቱን በደንብ አይጨብጥላችሁም። መኪና አራት ጎማ አለው፣ እናንተ ያላችሁ ሁለት ብቻ ነው። 10 ዓመት ያለፈውን ጎማ መልኩ ምንም ያህል ቢያምር ቀይሩት፤ ወጪውንም ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ቫልካኑ ደግሞ ነዳጅ የሚረጨው በኢንጀክሽን ነው፣ ሞተሩ በውኃ ይቀዘቅዛል፣ ኋላውን የሚያዞረው ቺንጋ ነው። ባለቤቱ የዘይትና የጎማ ደረሰኝ ካሳያችሁ 26 ሺህ ማይል የሚያስደነግጥ አይደለም።

እንዲህ ስል ቪ ስታር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ለጀማሪ ከቫልካኑ እሱን እመርጣለሁ። ቫልካን 900 ወደ 280 ኪሎ ይመዝናል፣ ቪ ስታር 650 ከዚያ በብዙ ይቀላል። በሻፍት ስለሚሄድ ካቴና መቀባትና ማጥበቅ የለም። ሆንዳ ሻዶው ኤሮ 750ም እንደዚሁ ባለ ሻፍት ነው። የሃርሊ ስፖርትስተር 883 የምትወዱ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ያለው ኢንጀክሽን መሆኑን እወቁ። ማርሚታው ተቀይሮ የሚጮኸውን ሳይሆን እንደ ፋብሪካው የቆየውን ፈልጉ። ሞዴሉን በቁመታችሁና በጉልበታችሁ ምረጡ። ከተመረጠው ሞዴል ውስጥ ግን በደንብ የተነዳውን ግዙ።

ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ «መጨረሻ የነዳኸው መቼ ነው?» በሉት። ስትሄዱ ሞተሩን ሳታስነሱ በፊት በእጃችሁ ጠጋ ብላችሁ ሙቀቱን ፈትሹ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ጠዋት ጠዋት አልነሳ የሚል ሞተር ሊሆን ይችላል። ቀዝቅዞ እያለ ሲነሳ ማየት አለባችሁ። ታይትሉ በሻጩ ስም መሆኑን አረጋግጡ፤ የወንድሜ ነው፣ የጓደኛዬ ነው ካለ ተመለሱ። የሻንሲ ቁጥሩን ደግሞ ኤንአይሲቢ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አጣሩ፤ የተሰረቀ ወይም ሳልቬጅ ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ ፍንጭ ይሰጣችኋል።

መንጃ ፈቃዱ ላይ የሞተር ምድብ የሌላችሁ ደግሞ ግዢውን ተዉትና የጀማሪዎች ኮርስ ውሰዱ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? እዚያ በትምህርት ቤቱ ትንሽ ሞተር ላይ ስትለማመዱ የሚከብዳችሁንና የሚመቻችሁን ታውቃላችሁ፣ ሻጭም በቀላሉ አይሸውዳችሁም።

ማስታወቂያ አይታችሁ ካመነታችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉት፣ አብረን እናየዋለን። የጎማውን ቁጥር ፎቶ ግን አትርሱ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።