የሰዓት ዕቁብ እንጣል

ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት የት ናችሁ?

18 ማዞሪያ ላይ የታክሲ ሰልፉ ረዝሟል። አጠና ተራ ባህር ዛፉን እያወረደ ነው፤ እፎይታ ገበያ ሸራውን እየገለጠ። ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ይሮጣል። እናንተ ግን፣ ተመርቃችሁም ይሁን ከ12ኛ ክፍል ቀርታችሁ፣ ድርጅቱ ተዘግቶባችሁም ይሁን ውላችሁ አልቆ፣ ወይ ብርድ ልብስ ውስጥ ናችሁ ወይ ድንጋዩ ላይ። ድንጋዩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ድንጋይ የሌለው ቅያስ አለ ብላችሁ አትነግሩኝም። እኔም ሁለት ዓመት ተኩል አሙቄዋለሁና ይህን የምጽፈው ከላይ ተቀምጬ ለመምከር አይደለም።

አማርኛችን ሥራ አጥንና ሥራ ፈትን ለይቶ ያስቀምጣል። ሥራ አጥ ፈልጎ ያጣ ነው። ሥራ ፈት ሥራን እንደ ትዳር ፈትቶ የተቀመጠ ነው፤ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የተተረተውም በእሱ ነው። ሰፈሩ ግን ሁለቱን መለየት ከተወ ቆየ። ሕጉም ቢሆን በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ «አደገኛ ቦዘኔ» የሚል ስም አምጥቶ ሥራ የሌለውን ልጅ ከወንጀል ጋር አጎራበተው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ስሙን ራሳችን ስንቀበለው ነው። «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «ምንም» ማለት በለመድን ቀን አጥ የነበርነው ፈት ሆነናል።

«ቢያንስ ጊዜህን ተጠቀምበት» ይላል ዘመድ ሁሉ። መጽሐፍ አንብብ፣ ቋንቋ ተማር፣ ኮርስ ጀምር። ምክሩ ስህተት የለበትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራሚንግም፣ ዳታ ሳይንስም፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራም በነጻ ያስተምራል፤ ስልክና ዳታ ላለው በሩ ክፍት ነው። ግን ተጨዋወቱ እስቲ፦ ከመካከላችሁ ስንቱ ጀምሮት ስንቱ ጨረሰው? እኔ በጊዜዬ እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ ብዬ ደብተር ገዝቼ ነበር። ደብተሩ እስከ ገጽ 9 ተጽፎበታል። ለብዙ ጊዜ ስንፍናዬ ይመስለኝ ነበር።

ስንፍና እንዳልሆነ ያስረዳኝ ከሩቅ አገር የመጣ ታሪክ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ፣ ከቪየና ብዙ የማይርቅ ማሪየንታል የሚባል መንደር ነበረ። መንደሩ የሚተዳደረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1930 ገደማ ፋብሪካው ተዘጋና መንደሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ሥራ አጥ ሆነ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ኑሮውን አጥንተው በ1933 መጽሐፍ አወጡ። ሰው ጊዜ ሲተርፈው ብዙ ያነባል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ክፍያውን ሳይቀር ቢያነሳም የሚወጣው መጽሐፍ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ ሲሄዱ እርምጃቸው ተጎተተ፤ በየጥቂቱ ይቆማሉ። ሰዓት ማሰር ተዉ። ከጠዋት እስከ ምሳ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ከመነሳትና ከመብላት በቀር የሚያስታውሱት አልነበራቸውም።

ይህ መንደር ኮልፌ አይደለም? ያ ደብተር በገጽ 9 የቆመው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማንም የማይጠብቀው ሰዓት ሰዓት አይደለም። ነገ ባደርገውም ያው ነው የተባለ ነገር ነገም አይደረግም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነው። ስለዚያ ጊዜ በግለ ታሪኩ ጽፏል። ልምምዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት፤ ታጥቦ ምሳ ከበላ በኋላ ከ8 እስከ 10፤ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት ደግሞ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ስለ ጦር ሳይንስ ያስተምሩታል። ለ6 ወር ታስቦ የነበረው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ፤ እንደገባም ብዙ ሳይቆይ ታሰረ። ማንዴላ ብርቱ ሰው መሆኑን ማን ይክዳል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ በ2 ሰዓት የሚጠብቀው ሰው ነበረ፣ በ8 ሰዓትም፣ በ10 ሰዓትም። አስተማሪው ታደሰ ብሩም በኋላ የፊደል ሠራዊት የተባለውን የመሃይምነት ማጥፊያ ዘመቻ መርተዋል፤ እዚያም ቢሆን ሥራው አንድ ሰው ሌላውን በቀጠሮ እየጠበቀ ፊደል ማስቆጠር ነበር።

እናንተን በ2 ሰዓት የሚጠብቃችሁ የለም። ስለዚህ እርስ በርሳችን እንጠባበቅ። ጥሪዬ ይኸው ነው።

እንዴት ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዕቁብ እናውቃለን። ብር የለንም እንጂ ሰዓት ሞልቶናል። 12 ሰው ይሰብሰብ፤ እያንዳንዱ በሳምንት 4 ሰዓት ይጣል። ዕጣ የወጣለት ሰው የሌሎቹን 11 ሰዎች ሰዓት፣ በድምሩ 44 ሰዓት፣ በዚያ ሳምንት ለራሱ ጉዳይ ያዝዝበታል። በ12 ሳምንት ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይበላል፤ ሁሉም የጣለውን ያህል ይወስዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሳምንት ሥራ ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። እንግዲህ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ለአንድ ሳምንት ሠራተኛ ቀጠረ ማለት ነው።

በ44 ሰዓት ምን ይደረጋል? ከክረምት በፊት የእናቱን የሚያፈስ ጣሪያ ያስመታል። ለብቃት ምዘና የሚቀመጥ ከሆነ፣ ቀድሞ ያለፈ ልጅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያስጠናዋል። ቃለ መጠይቅ የሚፈራ ካለ አምስቱ ጠያቂ ሆነው እስኪሰለቸው ይጠይቁታል። ያቺ በገጽ 9 የቆመች ደብተር ካለችው ደግሞ እስከ መጨረሻው ገጽ አብሮት የሚሄድ ሰው ያገኛል። የሒሳብ ምሩቋ የሱቅ ደብተር አያያዝ ታስተምራለች፤ የተማረው ልጅ አጠና ተራ ወይ እፎይታ ሄዶ የአንዱን ነጋዴ ሒሳብ ቢያስተካክል የመጀመሪያ የሥራ ልምዱ ተገኘ ማለት ነው። «0 ዓመት» እያሉ ማስታወቂያ አውጥተው ቃለ መጠይቅ ላይ ልምድ የሚጠይቁትን ለመመለስም ይረዳል።

አንድ ነገር ግን እንማማል። የምሩቁ ሰዓትና የለሳኙ ሰዓት እኩል ነው። ማስተርስ ያለው አንድ ሰዓት፣ ግድግዳ የሚለስነው አንድ ሰዓት። ይህን የማይቀበል ሌላ ዕቁብ ይፈልግ። ደግሞም ሰዓታችን ለዕቁብተኛ ብቻ ነው። «ወጣቶቹ በነጻ ይሠሩልናል» ብሎ የሚመጣ ሁሉ ደመወዝ ይክፈል። የክረምት በጎ ፈቃድ ደግ ነገር ነው፤ ካኔቴራው ታጥቦ፣ ፎቶው ተነስቶ መስከረም ሲጠባ የሚቀረው ድንጋዩ መሆኑ ነው እንጂ።

እህቶቻችንስ? እዚህ ላይ «ነጻ ጊዜ» የሚለው ቃል ራሱ የወንድ ቃል ነው። ማሪየንታል ውስጥም ፋብሪካው ሲዘጋ ባዶ እጁን የቀረው ወንዱ ነበር፤ ሴቲቱ ማብሰሉም ማጠቡም ልጁም እንዳለ ቀጥሎባታል። ኮልፌም ሥራ ያጣች ልጅ ቤት ስትውል «አለችልን» ተብሎ ውኃው፣ እንጀራው፣ የታናናሾቿ ጉዳይ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሴት ዕቁብተኛ ዕጣ ሲወጣላት 44ቱን ሰዓት ውኃ በመቅዳት፣ ልጅ በመጠበቅና ልብስ በማጠብ ክፈሉኝ ካለች ወንዶች ሆይ፣ እንከፍላለን። እሷ በዚያ ሳምንት ለፈተናዋ ታንብብ። ማን ሳቀ?

ቦታ የለንም አትበሉ። ዕድሮቻችን ቤት አላቸው፤ አግዳሚ፣ ድንኳንና ብርጭቆ ሞልቷቸው ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፈው ይውላሉ። በየሰፈራችሁ፣ በሎሚ ሜዳም በዓለም ባንክም በቤቴልም በአየር ጤናም፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሂዱ። «ጋሼ፣ ቁልፉን ጠዋት ጠዋት ያውሱን፤ ጠርገን እንመልሳለን፤ ሐዘን ሲኖር ድንኳኑን የምንተክለው እኛ ነን» በሏቸው። እምቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ ድንኳን ተካይ ወጣት ያጡ ስንት ዕድሮች አሉ። እትዬዎቹ ከሰሙማ ቡናውን ከየትም አምጥተው ያፈሉላችኋል፤ ስኒውን ግን እናንተ እጠቡ።

ይህ ዕቁብ የሥራ ዕድል አይፈጥርም፤ ያን መፍጠር ያለበት ሌላ አካል ነው፤ እኛም መጠየቃችንን አንተውም። የወረዳውን ምዝገባ ተመዝገቡ፣ ማስታወቂያውን አንብቡ፣ ማመልከቻውን አስገቡ። ግን ማመልከቻ አስገብቶ ጥሪ መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው ብሎ ቀኑን የሚያስረክብ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ቢጠራ እንኳ በ2 ሰዓት መነሳት ይቸግረዋል። እኔን ቸግሮኛል፤ የተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ሳምንት ሦስት ቀን አርፍጃለሁ።

እንግዲህ እስከ ሰኞ ጊዜ አለን። ዛሬ ድንጋዩ ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ጠይቁት፤ እሱ ሁለት ይጥራ፣ እነሱም እህቶቻቸውን። 12 ስም በአንድ ወረቀት ላይ፤ ዳኛ ምረጡ፣ ጸሐፊ ምረጡ። ወረቀቶቹን ጠቅልላችሁ በባርኔጣ ውስጥ ክተቱ፤ የመጀመሪያውን ዕጣ ከሰፈሩ ሕፃን አንዱ ያውጣ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ዕድር ቤቱ በር ላይ። ያረፈደ የሚቀጣው ብር አይደለም፤ አንድ ሰዓት ነው።