«ወላጅ አምጣ» ብለን ምን ልናደርግ ነው?

ሰሞኑን አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ በተከታታይ ቀን ዴስክ ላይ ተኝቶ ስላገኘሁት «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ» ብዬ አባረርኩት። በማግስቱ አባቱን ይዞ መጣ። አባትየው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ልጁን እፊቴ በጥፊ አጮለው። «መምህር፣ እርስዎ ይምከሩልኝ፣ እኔን አልሰማ ብሏል» አለኝ። እኔም መከርኩ፤ «ጎበዝ ሁን፣ አጥና» አልኩት። ለምን ሌሊት እንደማይተኛ የጠየቀው ግን ከሁለታችንም አልነበረም። ኋላ ስሰማ እናትና አባቱ ማታ ማታ ሲጣሉ ታናሽ እህቱን አቅፎ ነው የሚያነጋው።

በጥፊ የመታው አባቱ ነው፤ አሳልፌ የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

ወገኖቼ፣ እኛ ጋ ዝም ያለ ልጅ «ጨዋ» ነው፣ የሚጮህ «ባለጌ» ነው። ባለሙያ ጋ እንውሰደው ስትል ደግሞ «ልጄ እብድ ነው እንዴ? አማኑኤል ልትወስደው ነው?» ትባላለህ። ስንቱ የታከመበትን ሆስፒታል ስም ስድብ አድርገነው ቁጭ አልን! የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑት በዓለም ደረጃ ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። በዚህ ስሌት 70 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ 10 ልጅ ማለት ነው።

የቤተሰብ ሕክምና የሚባለው ሙያ ልጁን ብቻውን «አስተካክሉልኝ» ተብሎ አይቀበልም። እናትም አባትም፣ ካስፈለገም አያት አብረው ይቀመጣሉ። ባለሙያው ዳኛ አይደለም፣ ማን አጠፋ አይልም። «ስትጣሉ ልጁ የት ነው የሚሆነው? ሲከፋው ማን ጋ ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ችግሩ ሁሌ የወላጅ ጥፋት ነው ማለት አይደለም፤ ልጁ የሚያገግመው ግን ከቤተሰቡ ጋር ነው።

«ሽማግሌ አለን፣ የንስሐ አባት አለን» የምትሉኝ አላችሁ። አዎ አሉን፣ ይኑሩልንም። ግን እስቲ በእውነት እንነጋገር፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ ልጁ «አንተ ውጣና ተጫወት» አይደል የሚባለው? ሁሉም ተናግሮ ሲታረቅ፣ ያልተጠየቀው እሱ ብቻ ነው።

እኔ ለዲፕሎማ የተማርኳት የሥነ ልቦና ኮርስ ለዚህ አትበቃም። ሥራው ባለሙያ ይፈልጋል። ትምህርት ቤቶቻችን የሰለጠነ፣ የልጅን ምስጢር የሚጠብቅ አማካሪ ይቀጠርላቸው። እስከዛው ግን እኛ መምህራን «ወላጅ አምጣ» የምንለው ለመክሰስ ሳይሆን ለመስማት ይሁን። ወላጅ በእጃችን የሚገባበት ሌላ አጋጣሚ እኮ የለንም!

ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ችግር የለም ቲቸር» አለኝ። ችግርማ አለ።