ሻንሲው አንድ፣ ወረቀቱ አራት

በግንቦት 1990 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የአሰብን በር ከዘጋ ወዲህ ኢትዮጵያ ከውጭ የምታስገባው ተሽከርካሪ በአብዛኛው የሚራገፈው ጅቡቲ ላይ ሲሆን፣ የዶራሌ ሁለገብ ወደብ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከመርከብ እየተነዱ የሚወርዱ መኪኖች ከሚያርፉባቸው ቦታዎች ዋነኛው ይኸው ወደብ ሆኗል። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ትራንዚተሮች፣ ማለትም ዕቃን ከወደብ የማስለቀቅ ጉዳይ በውክልና የሚፈጽሙ ባለሙያዎች፣ ከሚያገላብጧቸው ሰነዶች መካከል የተሽከርካሪ ባለቤትነት ማስረጃን ያህል ቋንቋው የተዘበራረቀ አይገኝም። ይሁን እንጂ ባለንብረቱን ለወጪና ለእንግልት የሚዳርገው ሰነዱ በባዕድ ቋንቋ መጻፉ ሳይሆን በጥንቃቄ የሚነበብበት ጊዜ መዘግየቱ ነው፤ ጅቡቲ ላይ መመርመር የነበረበት ወረቀት ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው መኪናው አዲስ አበባ ገብቶ ታርጋ ሲጠየቅለት ነው።

የባለቤትነት ማስረጃ አንድ ተሽከርካሪ በማን ስም፣ መቼና በየትኛው መለያ ቁጥር እንደተመዘገበ የሚገልጽ መንግሥታዊ ሰነድ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሊብሬ፣ በጅቡቲ ካርት ግሪስ ይባላል። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከመከልከላቸው በፊት የአዲስ አበባን መንገዶች ሞልታ የነበረችው ቶዮታ ቪትስ ለአብነት ብትወሰድ፣ ጃፓን ውስጥ ከመዝገብ ተሰርዛ ስትወጣ በጃፓንኛ የተጻፈ የኤክስፖርት ሰርተፍኬት ትይዝ ነበር፤ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ እንደገና ስትሸጥ ዐረብኛ ያለበት ሌላ ወረቀት ይጨመርላት ነበር፤ ጅቡቲ ላይ የፈረንሳይኛው የወደብና የጉምሩክ ሰነድ ይከተል ነበር፤ አዲስ አበባ ላይም የአማርኛው ትርጉም ይሠራ ነበር።

እነዚህን አራት ወረቀቶች የሚያስተሳስራቸው ብረቱ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደው የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሆን ተብሎ ተትተዋል፤ በመሆኑም ባለ 17 ምልክት ቁጥር ውስጥ ኦ የሚል ፊደል የያዘ ትርጉም ሲቀርብ፣ መኪናው አጠገብ መሄድ ሳያስፈልግ ስሕተቱ የጸሐፊው መሆኑን መናገር ይቻላል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ናቸው፤ ቁጥራቸው አጭር ሆኖ የሞዴሉን ምልክት፣ ሰረዝና ተከታታይ ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ የተመረቱበትን ዓመት የሚጠቁም ፊደልም የለበትም። ቁጥሩ የግድ 17 መሙላት አለበት ብሎ የሚያምን ጸሐፊ ዜሮ እየደረደረ ካሟላው ሊብሬውና ብረቱ እንደተለያዩ ይቀራሉ፤ ይህም የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ መኪናው ሲሸጥ ወይም ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ሊሆን ይችላል።

ከቁጥሩም በላይ ኪስ የሚጎዳው ዘመኑ ነው። የጃፓን ሰነድ ዓመትን የሚቆጥረው በንጉሠ ነገሥቱ የግዛት ዘመን ሲሆን፣ ከ1989 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ያለው ሄይሴይ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ ሬይዋ ይባላል፤ ሬይዋ 3 ማለት 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያ በሚመጣ ወረቀት ላይ በሒጅራ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ይገኛል፤ የሒጅራ ዓመት ከጎርጎርዮሳዊው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በደፈናው በመቀነስ አይለወጥም። የሬይዋ 3ን አጋማሽ አንዱ ተርጓሚ 2021፣ ሌላው 2013 ብሎ ቢጽፈው ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አቆጣጠሩ የየትኛው እንደሆነ ካልተጠቀሰ ግን መኪናው ወረቀት ላይ ብቻ ስምንት ዓመት ያረጃል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ምጣኔውን እያከበደ ሄዶ ከ7 ዓመት በላይ የሆነውን ከሁሉ አብልጦ ይቀጣል፤ በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነትም 7 ወይም 8 ዓመት ነው። ሕግ አውጪው ሆን ብሎ ባያደርገውም፣ አንዲት ያልተጻፈች «ዓ.ም.» አዲስ መሰል መኪናን ከታክሱ ቀላል እርከን ወደ ከባዱ ልታሻግር የምትችለው በዚህ ግጥምጥሞሽ ነው።

ስምም የራሱ ጣጣ አለው። የፈረንሳይኛው ቅጽ የቤተሰብ ስምና የግል ስም ሲጠይቅ ኢትዮጵያዊው የሚሰጠው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ስለሆነ፣ አያት ይቀርና አባት ወደ ፊት ይቀድማል፤ ጸጋዬን የመሰለ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ጸሐፊ ከሌላው አይገጥምም። በማጓጓዣ ሰነዱና በፓስፖርቱ ላይ ስሙ የተለያየበት ባለንብረት ሁለቱም እርሱ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ሲጠየቅ፣ ማረጋገጫው እስኪመጣ ድረስ መኪናው ባረፈበት ቦታ ኪራይ ይቆጥርበታል።

የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይስ ታክስ ነጻ በመደረጉ ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ሊመስል ይችላል። ቻይና ያገለገሉ መኪኖች ወደ ውጭ እንዲላኩ በ2019 እ.ኤ.አ. ከፈቀደች በኋላ ግን ዜሮ ኪሎሜትር የሚባል የንግድ ልማድ ተስፋፍቷል፤ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መኪና በነጋዴ ስም ይመዘገብና ሳይነዳ ከመዝገብ ተሰርዞ «ያገለገለ» ተብሎ ይላካል። ገዢው አዲስ ብሎ የከፈለበት መኪና በቻይንኛው የምዝገባ ደብተር ላይ ቀዳሚ ባለቤት ያለው ሆኖ ሲገኝ፣ በሻጩ ማብራሪያና በሰነዱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስረዳው ራሱ ገዢው ነው። ደግነቱ በቻይና የሻንሲ ቁጥር ውስጥ 10ኛው ምልክት ዓመቱን ይናገራል፤ ኤን 2022ን፣ ፒ 2023ን፣ አር 2024ን ያመለክታል፤ ኦ እና ኪው የተዘለሉትም ቀደም ሲል በተጠቀሰው ምክንያት ነው። አንድ የቻይንኛ ፊደል ለማያውቅ ሰው እንኳ ይህች አንዲት ምልክት ወረቀቱን ለመሞገት ትበቃለች።

የአውሮፓ ኅብረት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የተሽከርካሪ ምዝገባ ሰነድ በየአገሩ ቋንቋ ቢጻፍም ለእያንዳንዱ መረጃ አንድ ዓይነት ኮድ እንዲሰጠው ደንግጓል፤ ኤ የሰሌዳ ቁጥርን፣ ቢ የመጀመሪያ ምዝገባ ቀንን፣ ኢ የሻንሲ ቁጥርን ያመለክታል። በዚህ የተነሣ ጀርመንኛ የማያውቅ ፖርቱጋላዊ መዝጋቢ የጀርመንን ወረቀት ያለ አስተርጓሚ ያነብባል። ለኢትዮጵያም የሚበጀው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ቲ ዋን የሚባለው፣ ዕቃው የጅቡቲን ምድር ቀረጥ ሳይከፈልበት እንዲያልፍ የሚያስችለው የትራንዚት ሰነድ ከመውጣቱ በፊት፣ ከብረቱ ላይ የተነበበው የሻንሲ ቁጥር፣ የምርትና የመጀመሪያ ምዝገባ ዘመን በሁለቱም አቆጣጠር፣ እንዲሁም የባለንብረቱ ስም በፓስፖርቱ አጻጻፍና በአማርኛ የሚሰፍርበት የአንድ ገጽ ቅጽ ዶራሌ ላይ ቢሞላ አብዛኛው ጣጣ እዚያው ያልቃል። መኪናው፣ ወረቀቱና ትራንዚተሩ በአንድ ቦታ የሚገናኙት እዚያ ነው፤ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የከተማዋ የሥራ ቋንቋዎች ናቸው፣ አማርኛ የሚናገርም በጅቡቲ ከተማ ሞልቷል። ምርመራው የወደብ ቆይታን ያራዝማል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ አንድ ገጽ መሙላት የሚወስደው ጊዜ ግን የድንበር ኬላው ጋላፊ ከታለፈ በኋላ የተገኘ ስሕተት ከሚያስከትለው ምልልስ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ጉምሩክ ኮሚሽንና የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ይህን እስኪመክሩበት ድረስ፣ መኪና ገዢዎች ቢያንስ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሻጩ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ፎቶ አንሥቶ መኪናው መርከብ ሳይጫን በፊት ይላክ፤ ተርጓሚውም ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ አቆጣጠሩን ሳይጽፍ ማኅተሙን አያሳርፍ።