ሌንሱ ይጠር፤ ሰላምታው ይቅደም

አዲስ ዲጂታል ካሜራ የገዛ ወጣት ሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው ረጅሙን ሌንስ ነው። ሩቁን ያቀርባልና ምኞቱ አያስደንቅም። ነገር ግን በከላላ ገበያ የተቀመጡ እናትን ሳያስፈቅዱ ከማዶ ሆኖ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ መልካቸውን መንጠቅ አደን እንጂ ኪነ ጥበብ ሊባል አይገባውም። ረጅሙ ሌንስ ለቦረና ሳይንት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይሁን፤ እነርሱ ሰላምታ አይመልሱም።

በ1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው ኮረም ያነሣው ፊልም የዓለምን ሕሊና ቀስቅሷል፤ ውለታው አይካድም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ወሎ በባዕድ ዓይን ስም የሌለው የረሃብ ገጽ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ገጽ የሚለውጠው ቀርቦ ስም የሚጠይቅ ፎቶግራፍ አንሺ ብቻ ነው።

ስለዚህ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል፤ የካሜራው ብርሃን መቀበያ አነስተኛ ከሆነ 35ቱ ያንኑ ያህል ያያል። ይህ ሌንስ አንሺውን ወደ ሰው ያስጠጋዋል፤ ተጠግቶም «እንደምን ዋሉ» ሳይሉ መቆም ነውር ነው። ትርፍ ባትሪና የአቧራ መጥረጊያ ይጨመር። በተረፈው ገንዘብ ፎቶግራፉ ታትሞ ለተነሣው ሰው ይድረስ። መልኩን የሰጠ፣ መልኩን ሊያይ ይገባዋልና።