በመድኃኒት ፖስታ ላይ የሚጻፈው ነገር ይታሰብበት

ባለፈው ሳምንት ከከተማችን መድኃኒት ቤቶች ባንደኛው ተራ ስንጠብቅ፥ ከፊታችን የቆሙ አንዲት አሮጊት የታዘዘላቸውን ክኒን ተቀብለው ሊወጡ ሲሉ መድኃኒት ሰጪዋ ወጣት «እማማ፥ ትንሽ ይቆዩኝ እስቲ፤ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ስትል ጠራቻቸው። እርሳቸውም «አንቺው ጽፈሽልኝ የለም ወይ ልጄ፤ ባንድ ጊዜ 3 ፍሬ ነው» ብለው መለሱ። በፖስታው ላይ የተጻፈው «1×3» የሚል ነበር። ይህም በቀን 3 ጊዜ አንድ አንድ ፍሬ ማለት መሆኑን ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፤ እማማ ግን የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤት አልገቡም።

ስለ መድኃኒት ቤት ጥራት በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚታሰበን ሐሰተኛ መድኃኒት ነው። ሥጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ባወጣው ግምት፥ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚገኘው መድኃኒት ከ10ሩ አንዱ ያህል ወይ ከደረጃ በታች ነው፥ ወይ ሐሰተኛ ነው። በ2022 በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት መሞታቸው መርዛማ ፈሳሽ ከተገኘበት የሳል ሽሮፕ ጋር ተያይዞ መነገሩ አይረሳም። በአገራችንም ይህን የመቆጣጠሩ ሥራ በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ነገር ግን መድኃኒቱ ንጹሕ፥ ሻጩም ባለ ፈቃድ ሆኖ ሳለ፥ ከባንኮኒው እስከ በሽተኛው ቤት ባለችው አጭር መንገድ ላይ የሚጠፋውን ነገር መርማሪ መጥቶ አያገኘውም። የዛሬው ነገራችንም በዚሁ ላይ ነው።

አንድ ጎረቤታችን ለሳንባ ምች 15 ፍሬ ክኒን ተሰጥቷቸው ነበር። በየ8 ሰዓቱ ለ5 ቀን እንዲወስዱት ነው። ጽሕፈቱ የተቻኮለ ስለ ነበረ ጎረቤታችን «በ8 ሰዓት» ብለው አነበቡት፤ ምሳቸውን እየበሉ በየቀኑ ልክ በ8 ሰዓት አንዲት አንዲት ፍሬ ሲውጡ ሰነበቱ። ሳሉ አልለቅ ሲላቸው ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ከዚያ የበረታ ሊያዝላቸው ብዕሩን ካነሣ በኋላ ነው ከኪሳቸው የወጣው ፖስታ 10 ፍሬ ቀርቶበት የታየው። ስሕተቱን ማን ሠራው ቢባል መልሱ ቀላል አይደለም፤ ጻፊው የጻፈው መስሎታል፥ አንባቢውም ያነበበው መስሎታል።

የእኛ ሰዓትና የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው የተለየ መሆኑ ለዚህ ዐይነቱ ስሕተት በር ይከፍታል። «8፡00» ተብሎ የተጻፈው ለአንዱ የጧቱ 2 ሰዓት ሲሆን ለሌላው የቀትሩ 8 ሰዓት ነው። በመድኃኒት ሣጥን ላይ የሚታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ2016 ዓ.ም. መድኃኒት የገዛ ሰው በሣጥኑ ላይ 08/2024 የሚል ቢያይ፥ ገና 8 ዓመት የቀረው ይመስለው ይሆናል፤ ወሩንም ሚያዝያ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። በእውነቱ ግን የሚያበቃው በዚያው በ2016 በነሐሴ ነው። ከቁም ሣጥን ውስጥ ለክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠ ክኒን በየቤቱ ስላለ፥ ይህ እንደ ተራ ነገር ሊታለፍ አይገባም።

በስም መመሳሰል የሚመጣውም አደጋ ቀላል አይደለም። ክሎርፕሮማዚን ለአእምሮ ሕመም፥ ክሎርፕሮፓማይድ ለስኳር በሽታ የሚሰጥ ነው፤ ሁለቱን ጮክ ብሎ ላነበበ ሰው ልዩነታቸው በመጨረሻዋ ላይ ብቻ ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ደግሞ በሳምንት 1 ቀን ብቻ የሚወሰድ ሲሆን፥ በየቀኑ የዋጡት ሰዎች የሞቱበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚሰጥ ባለሙያ ቀኑን በስሙ፥ ማለት ሰኞ ወይም ማክሰኞ ብሎ፥ በፖስታው ላይ ቢጽፈው ምን ይጎዳዋል?

መድኃኒት በፀሐይ ፊት በመስኮት ተደርድሮ ማየታችንም አልቀረም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ እንዳለበት እየታወቀ፥ ማቀዝቀዣው ውስጥ የሠራተኞች ለስላሳ መጠጥ አብሮ ሲደረደር፥ በሩም በየደቂቃው ሲከፈት ዝም ማለት አይገባም።

በባለመድኃኒቶቹ ላይ ብቻ ግን አንፈርድም። እኛ ደንበኞቹስ? ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገብተን «ያንን ቀይና ጥቁሩን ካፕሱል ስጠኝ» የምንል እኛ ነን። አልሰጥም ያለውን ባለሙያ ትተን ወደ ጎረቤቱ ሱቅ የምንሻገርም እኛው ነን፤ እምቢ ያለው ሰው ደንበኛውን ያጣል፥ የሰጠው ይጠቀማል። ይህ እንዲህ እስካለ ድረስ ሕጉን የሚያከብረው ነጋዴ ከስሮ እንዲኖር መፍረድ ነውና፥ ተቆጣጣሪው ክፍል ከወረቀቱ ይልቅ ይህን ቢመረምር እንመርጣለን።

የምንለምነው ነገር ብዙ ወጪ የለበትም። የመድኃኒት ፖስታ በሚታተምበት ጊዜ የፀሐይ መውጫ፥ የቀትርና የጨረቃ ሥዕል ይታተምበት፤ ማንበብ የማይችልም ሰው በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ስንት ፍሬ እንደ ተሠመረ ይቈጥራል። ጽሑፉ በሽተኛው በሚያነበው ቋንቋ፥ ሰዓቱም በእኛ ሰዓት ይሁን። ለሕፃን ሽሮፕ ሲሰጥ መስፈሪያው አብሮ ይሰጥ፤ የቤታችን ማንኪያ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነውና 5 ሚሊ ሊትር በእርሱ አይለካም። የዱቄት መድኃኒት በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ስንት ቀን እንደሚቆይም በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ግን የዚያች ወጣት ጥያቄ፥ ማለት «እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» የምትለው፥ በየባንኮኒው ትለመድ።

ወጣቷ የእማማን ፖስታ መልሳ ተቀብላ «1×3» የሚለውን ሠርዛ፥ ጧት አንድ፥ ቀትር አንድ፥ ማታ አንድ ብላ በትልልቁ ጻፈችላቸው፤ ሁለት ጊዜም አስደገመቻቸው። ከኋላችን የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረማቸው አልቀረም። እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ አንድ ጊዜ ሰዓታችንን አይተን ነበር።