ስለ እከክና ስለ ጤና አዳም

በአሰላና በአርሲ ደጋ ጤና አዳም የታወቀ ተክል ነው። ቅጠሉ በቡና ስኒ ውስጥ ይገባል፤ ከአይብም ጋራ ይበላል፤ ሆዱን የቈረጠው ሰውም ይፈልገዋል። ስሙ መልካም ስለ ሆነ ብዙ ሰው ለማናቸውም ሕመም የሚበጅ ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ ቅጠል ለሆድ በጀ ተብሎ ለቈዳም ይበጃል ማለት ስሕተት ነው።

ለምሳሌ ያህል በጭላሎ ተራራ ሥር በግ የሚጠብቅ አንድ ልጅ ይታሰብ። ሌሊት ሌሊት በጣቶቹ መካከልና በእጁ አንጓ ላይ ስለሚያሳክከው እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። አያቱ ይህን አይታ ታዝንና ጤና አዳም ወቅጣ፥ የሎሚ ውሃ ጨምራ፥ ክንዱን እስከ ጣቱ ጫፍ ትቀባዋለች። «እንዲደርቅልህ ፀሐይ ላይ ተቀመጥ፥ ልጄ» ትለዋለች። ልጁም ታዛዥ ነውና በጎቹን እየጠበቀ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። በዚያ ቀን ምንም አይሰማውም። በማግሥቱ ግን ክንዱ ይቀላል፥ ያቃጥለዋልም፤ በሦስተኛው ቀን እሳት እንደ ነካው ሰው ቈዳው ውሃ ይቋጥራል። ጐረቤትም ይሰበሰባል። አንዱ «ዓይን በልቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «መድኃኒቱ በሽታውን እያወጣው ነውና ጨምሩበት» ይላል። ይህ ሁለተኛው ምክር ከሁሉ ይከፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጤና አዳምና በሎሚ ውስጥ፥ በቈዳ ላይ ሳለ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው የሚያቃጥል ነገር አለ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሩ ቢቀዘቅዝም የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው። ብርዱ ሰውን ያታልለዋል። እንዲህ ያለ ቅጠል ቈዳን ሲነካ ወዲያው በውሃና በሳሙና መታጠብ፥ ከፀሐይም መሸሸግ ይገባል፤ ውሃ የቋጠረውን ግን ማፈንዳት አይገባም።

እከኩስ? እከኩ እንዳለ ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ እከክን የምታመጣው ከግማሽ ሚሊሜትር የምታንስ ተባይ ናት፤ ሴቲቱ ቈዳን ቦርቡራ ገብታ ዕንቍላልዋን በውስጡ ትጥላለች። ቈዳው ተቃጠለ ማለት ተባይዋ ሞተች ማለት አይደለም። በኢጣልያ አገር ቦኖሞ የሚባል ሐኪምና ቼስቶኒ የሚባል ባለ መድኃኒት ይህችን ተባይ በማጕያ መነጽር አይተው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1687 ዓ.ም. ነገሩ ተጽፎ ወጣ። በጽሑፉም ድኾች ሴቶች ከልጆቻቸው እከክ ውስጥ አንዲት ታናሽ ነገር በመርፌ ጫፍ እንደሚያወጡ ተነግሯል። እንግዲህ የእናቶች ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች ያወቁት በዓይናቸው አይተው እንጂ ገምተው አልነበረም።

ልጁን የሚፈውሰው በጤና ጣቢያ የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ ይኸውም የድኝ ቅባት ወይም ፐርሜትሪን የሚባለው ቅባት ነው። እርሱም ቢሆን ልጁን ብቻ ቢቀቡት ከንቱ ድካም ይሆናል። ተባይዋ አዲስ በገባችበት ሰው ላይ ማሳከኩ እስከ 6 ሳምንት ሊዘገይ ይችላልና፥ አብሮት በአንድ ጋቢ የሚተኛው ወንድሙ ጤነኛ መስሎ በሽታውን ይመልስበታል። ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይቀባል፤ ልብሱና ጋቢውም በሙቅ ውሃ ይታጠባል። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወራት በአማራ ክልል እከክ እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ፥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሲመረመሩ ከሦስቱ አንዱ ያህል ታሞ ተገኝቷል። አንድ ሰው ለብቻው ታክሞ የሚያመልጠው በሽታ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ታዲያ አያቲቱ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ስለ ምን አልወሰደችውም? መንገዱ ሩቅ ይሆናል፤ ገንዘብም ያጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ሰውን የሚያስቀረው ኀፍረት ነው። እከክ የቈሸሸ ሰው በሽታ ነው ስለሚባል ቤተ ሰቡ ይሸሽገዋል። ይህ ስም ከበሽታው ይልቅ ይጐዳል፤ ሐሰትም ነው። ዘወትር የሚታጠብ ሰው እንኳ ከታመመ ሰው ጋራ ቢተኛ ይይዘዋል። አያቲቱን መውቀስ አይገባም፤ በጓዳ የተደበቀ ሕመም በጓሮ ቅጠል ቢታከም ምን ይደንቃል? ወቀሳው በልጁ ላይ ለሚስቁት ነው።

ደግሞ መድኃኒቱ ከተቀባ በኋላ ማሳከኩ ወዲያው አይጠፋም፤ ተባዮቹ ቢሞቱም ሁለት ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቈያል። በእነዚያ ቀናት አያቲቱ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላ ዳግመኛ ወደ ጓሮዋ ትመለከታለች። የልጁ ክንድ ግን ፀሐይና ቅጠል ያቃጠሉበትን ጥቍር ምልክት ገና እንደ ያዘ ነው፤ ይህም ምልክት እከኩ ከዳነ በኋላ ወራት ሊቈይ ይችላል።